«ኮር ስንት ነው?»

አዲስ ላፕቶፕ ይዞ መራዊ ሻይ ቤት የተቀመጠ መምህር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኮር ስንት ነው?» «ኮር አይ7» ካለ አጠገቡ ያሉት በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ኮር አይ3» ካለ ደግሞ «ምንም አይልም፣ ይሠራል» እያሉ እንደ ሐዘንተኛ ያጽናኑታል። ራሙ ስንት እንደሆነ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ቻርጀሩ ቢቃጠል ምትኩ ባሕር ዳር ይገኝ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የአይሲቲ ክፍል ውስጥ የመምህራንንና የአስተዳደር ሠራተኞችን ላፕቶፕ ስፈታና ስገጥም ዓመታት አልፈዋል። እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ፕሮሰሰሩ አንሶት የሞተ ላፕቶፕ አልመጣም። የሚመጣው ባትሪው አብጦ ሰሌዳውን ከውስጥ የገፋው፣ የቻርጀር መሰኪያው የላላ፣ ማጠፊያው የተሰበረ፣ ማራገቢያው አቧራ የጠጣ፣ አለዚያም በ4 ጊጋባይት ራም ላይ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበት የሚያቃስት ነው። ስለዚህ እኔ የምነሳው ከሶኬቱ፣ ከመንገዱና ከጠጋኙ ነው። ኮሩ በኋላ ይደርሳል።

ከባሕር ዳር ተነስቶ በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ደብረ ማርቆስ የሚገባው አውራ ጎዳና ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችን ያገናኛል፦ ባሕር ዳርን፣ እንጅባራንና ደብረ ማርቆስን። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ላይ ካምፓስ አለው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ደግሞ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። በዚህ መስመር የሚሠራ መምህር ላፕቶፑን ቢሮ ቆልፎበት አይሄድም። ሰኞ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ ነው። ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ከፕሮጀክተር ጋር ይታገላል። ረቡዕ ማታ መብራት በጠፋበት ቤት ፈተና ያወጣበታል። ቅዳሜ የመስክ መረጃ ሊሰበስብ ገጠር ይወርዳል። አዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ ከሚውለው ላፕቶፕ ጋር የሚያመሳስለው ስሙ ብቻ ነው።

የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕና የቤት ላፕቶፕ

ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ለሁለት ዓይነት ገዢ ይሠራሉ። ለቤት ገዢ ኢንስፓይሮን፣ ፓቪሊዮን፣ አይዲያፓድ የሚባሉትን፤ ለመሥሪያ ቤት ደግሞ ላቲትዩድ፣ ኤሊትቡክና ፕሮቡክ፣ ቲንክፓድ የሚባሉትን ሲያወጡ ቆይተዋል። ቲንክፓድን እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው አይቢኤም ነበር፤ ሌኖቮ በ2005 የአይቢኤምን የፒሲ ክፍል ሲገዛ ስሙንም አብሮ ወሰደ። ዴል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ «ላቲትዩድ» የሚለውን ስም ትቼ «ዴል ፕሮ» ብያለሁ ብሏል፤ በዚህ ስም የመጣ ላፕቶፕ ቢያዩ «ይሄ ደግሞ የማን ፎርጅድ ነው?» ብለው እንዳይጠረጥሩ።

ልዩነቱ ፍጥነት ላይ አይደለም። ሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ሊኖር ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ ማጠፊያው ጠንካራ ነው፤ ሺህ ጊዜ ቢከፈትና ቢዘጋ ፕላስቲኩን ይዞ አይገነጠልም። ባትሪው፣ ራሙ፣ ዲስኩ በአብዛኛው በጥቂት ብሎን ይፈታል። አምራቹ የመፍቻ መመሪያውን በነፃ ያወጣል። በውጭ አገር ትልልቅ ኩባንያዎች እነዚህን ላፕቶፖች በሺዎች እየወሰዱ በሦስትና በአራት ዓመት ይለውጧቸዋል፤ የተለወጡት ዞረው «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባሉ እኛ ገበያ ይደርሳሉ። በዚህ ምክንያት ባሕር ዳር ያለ ጠጋኝ የላቲትዩድን ሆድ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል፤ ኪቦርዱንም፣ ቻርጀሩንም፣ ባትሪውንም ከሌላ አሮጌ አውጥቶ ይሰጥዎታል። በቀጭንነቱና በወርቃማ ቀለሙ የተገዛው የቤት ላፕቶፕ ግን ከዓመት በኋላ ኪቦርዱ ሲበላሽ «የዚህ ዕቃ የለም» ይባላል። እኔን ከጠየቁኝ ከአዲስ የቤት ላፕቶፕ ይልቅ በደንብ የተመረጠ የሦስት ዓመት ቲንክፓድ ወይም ላቲትዩድ ይሻላል። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ፤ እነሱም ዋስትና ስለሌለው ነው የሚሉት፤ ነገሩ ሐሰት አይደለም።

ኮሩ ስንት ነው? ሁለት!

አሁን ወደተወደደው ጥያቄ እንምጣ። «አይ5» እና «አይ7» የደረጃ ስም እንጂ የኮር ብዛት አይደሉም። ዋናው ነገር ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ5-8250 ካለ የመጀመሪያው 8 ቁጥር 8ኛ ትውልድ መሆኑን ይናገራል። 1135 ካለ 11ኛ፣ 1335 ካለ 13ኛ ትውልድ ነው። መጨረሻ ላይ «ዩ» የሚል ፊደል ከተከተለ ባትሪ ቆጣቢ ነው፤ «ኤች» ከሆነ ጉልበታም ነው፣ ግን ባትሪ ይበላል፣ ይሞቃልም።

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት መምህር በኩራት «ጋሼ፣ የኔ አይ7 ነው» አለኝ። ገልብጬ ሳየው አይ7-7500ዩ ነው። አጠገቡ የነበረችው የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ላፕቶፕ ደግሞ አይ5-8250ዩ ነበር። የእሱ ፕሮሰሰር ውስጥ ያሉት ኮሮች ሁለት፣ የእሷ ግን አራት ናቸው። «ኮር ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ያ ነበር። ልጁ ለሳምንት ያህል አኩርፎኛል።

ትውልዱ ሌላም ነገር ይወስናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል። ጠጋኞች በጓሮ በር ያስገቡታል፤ ይሠራልም። ነገር ግን የተማሪ ውጤትና የፈተና ጥያቄ የሚቀመጥበትን ላፕቶፕ አምራቹ በማያውቀው መንገድ ማስኬድ ለመሥሪያ ቤት የሚመከር አይደለም። ዛሬ የሚገዛ ሁሉ ቢያንስ 8ኛ፣ አቅም ካለ 11ኛና ከዚያ በላይ ይሁን። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ «አይ» የምትለዋን ፊደል እየተወ «ኮር አልትራ» በሚል ስምም ስለሚያወጣ እሱን ያየ ሰው ግራ አይጋባ። ራይዘን 5 የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰርም ከአይ5 የሚያንስ አይደለም።

ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ ራም ነው። 8 ጊጋባይት ለዛሬ ሥራ ዝቅተኛው ነው። የ150 ገጽ የማስተርስ ጽሑፍ ከነማስተካከያ አስተያየቱ በዎርድ የከፈተ፣ በክሮም ሃያ ገጽ የደረደረ፣ ኤስፒኤስኤስ ያስነሳ፣ በመሐል ዙም የገባ መምህር 8ቱን ጊጋ በሩብ ሰዓት ይጨርሳል። 16 ይሁን። ከአይ7 ወደ አይ5 ወርዶ በሚተርፈው ብር ራሙን ከ8 ወደ 16 ማሳደግ በየቀኑ የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ሲገዙ «ሁለተኛ የራም መሰኪያ አለው ወይስ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የተበየደ ከሆነ በገዙት መጠን ዕድሜ ልክ ይኖራሉ። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን፤ 256 ጊጋባይት ይበቃል፣ 512 ይመቻል። «1 ቴራ» በሚል የሚሸጠው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሚኒባስ ንዝረት ላይ ሊሄድ የተሠራ አይደለም። እግረ መንገዴን ልናገርና አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው አዲስ ከመግዛቱ በፊት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ያስቀይር፤ ግማሹ «ሞተ» የተባለ ላፕቶፕ በዚህ ይነሳል።

የቆጋን የመስኖ አውታር፣ ያንን 7,000 ሄክታር ግድም የሚያጠጣውን፣ በሳተላይት ምስል ለሚያጠና የጂአይኤስ መምህር ግን ይህ ሁሉ አይበቃውም። ለእሱ 32 ጊጋባይት ራምና «ኤች» ፕሮሰሰር መግዛት ብክነት አይደለም። ብክነቱ ይህንኑ ላፕቶፕ ደብዳቤ ብቻ ለሚጽፍ ኃላፊ መግዛቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ደግሞ እሱ ነው።

መብራት፣ አቧራ፣ ፕሮጀክተር

የባትሪ አቅም የሚለካው በዋት ሰዓት ነው፤ ባትሪው ጀርባ ላይ ተጽፏል። ቀላል የቢሮ ሥራ የሚሠራ ላፕቶፕ በሰዓት ከ8 እስከ 10 ዋት ሰዓት ያህል ይጠቀማል። ስለዚህ 55 ዋት ሰዓት ያለው አዲስ ባትሪ አምስት፣ ስድስት ሰዓት ያሠራል፤ 40 ያለው ደግሞ አራት ሰዓት ገደማ። ሻጩ «አሥር ሰዓት ይቆያል» ቢል ይህቺን ሒሳብ አስልተው ይመልሱለት። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት አለ፤ «ባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ» ይበሉ። ሪፖርቱ ላይ ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያያሉ። ከ55 ወደ 30 የወረደ ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላዩ ይቀነስ። ለውጭ ኮንፈረንስ የሚበርሩ ደግሞ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚቀበሉት እስከ 100 ዋት ሰዓት መሆኑን ይያዙ፤ የላፕቶፕ ባትሪ በአብዛኛው ከዚያ በታች ነው።

ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ጀርባው ላይ ያንብቡት። ስለዚህ መብራቱ ሲደክም ላፕቶፑ አይጎዳም። የሚጎዳው ጠፍቶ የነበረው መብራት ተንደርድሮ ሲመጣ ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ሲመጣ ፍሪጅዎ አንድ ሁለቴ እስኪያጓራ ጠብቀው ይሰኩ። በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ላፕቶፕ ቢመርጡ ሌላ ጥቅም አለው፦ የባልደረባዎ ቻርጀር ምርቱ ቢለይም ለእርስዎ ይሠራል፤ 65 ዋት የሚሰጥ ፓወር ባንክም ገጠር ያደርስዎታል። ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ለሚውል ደግሞ ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም የሚያደርግ ማስተካከያ በሦስቱም ምርቶች ውስጥ አለ። እኔ ጋ የሚመጡት ያበጡ ባትሪዎች አብዛኞቹ ዓመቱን ሙሉ ከሶኬት ያልተነቀሉ ናቸው።

መራዊ ያለችበት የሜጫ አፈር ቀይ ነው፤ በበጋ ደግሞ ይበናል። ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሆዱ ስለሆነ አልጋና ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ ይታፈናል። በዓመት አንዴ፣ ፋሲካ አካባቢ፣ ተፈትቶ ይጸዳ።

ወደብ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ብዙ የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ያለው ፕሮጀክተር ሰማያዊ መሰኪያ ያለው የቪጂኤ ዘመን ነው፤ አዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ያለው ኤችዲኤምአይና ዩኤስቢ ሲ ነው። ኮንቨርተሩን ከላፕቶፑ ጋር አብረው ይግዙ። ሰባ ተማሪ ፊት ቆሞ ገመድ ፍለጋ ሰው ከመላክ ያድናል።

ያገለገለ ሲገዙ

በራሴ የደረሰውን ልናገር። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ለራሴ ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ገዛሁ። መልኩ ንጹሕ፣ ባትሪው ጥሩ። ወር ቆይቶ ዊንዶውሱ ስለተበላሸ እንደ አዲስ ጫንኩትና ከኢንተርኔት ጋር አገናኘሁት። በማላውቀው አገር የሚገኝ የኩባንያ አርማ መጣና «በመሥሪያ ቤትዎ አካውንት ይግቡ» አለኝ። ኩባንያው ላፕቶፑን ከመዝገቡ ሳይሰርዝ ነው የሸጠው፤ ወይም ሸጦትም ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ለመመለስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነበረብኝ። ደወልኩ፤ ስልኩ አይነሳም።

ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ላፕቶፕ የምገዛው ሱቁ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲጸዳ አድርጌ፣ በስልኬ ኢንተርኔት ከፍቼለት፣ የማንንም አርማ ሳያሳይ መነሳቱን አይቼ ነው። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ሻጩ ይሰለቻል፤ ይሰልች። ባዮሱ ውስጥም ይግቡ። የይለፍ ቃል ከጠየቀዎ ትተውት ይውጡ። ከአውሮፓ የመጡት ላይ የኪቦርዱ ፊደላት የፈረንሳይ ወይም የጀርመን አቀማመጥ ሊሆኑ ስለሚችሉ እሱንም ይመልከቱ። ጀርባው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ሲያስገቡ የወጣበት ጊዜና ዋስትናው ይታያል፤ ዴል ላይ ይህ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው «ሰርቪስ ታግ» ነው።

ዕቃው የሚበላሸው ወረቀቱ ላይ ነው

የዩኒቨርሲቲ ላፕቶፕ ግን የሚመረጠው ሱቅ ውስጥ አይደለም፤ በግዥ መጠየቂያ ወረቀት ላይ ነው። ደጋግሜ ያየሁት ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ «ላፕቶፕ፣ ኮር አይ7፣ ራም 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስክ 1 ቴራ፣ ብዛት 40።» አቅራቢው ምን ያድርግ? ጨረታውን የሚያሸንፈው ዋጋ ነው። ይህን መስፈርት የሚያሟላ ከሁሉ የረከሰ ዕቃ ፈልጎ ያመጣል፦ ያረጀ ትውልድ፣ የፕላስቲክ ማጠፊያ፣ የሚሽከረከር ዲስክ፣ ደብዛዛ ስክሪን። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ አሟልቷል፤ ሊመለስ አይችልም። «አቅራቢው አታለለን» ይባላል። አላታለለም፤ ያዘዙትን ነው ያመጣው።

የመንግሥት ግዥ ሕግ በምርት ስም ማዘዝን አይፈቅድም፤ ሌላ መግለጫ ሲጠፋ ብቻ «ወይም ተመጣጣኝ» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ «ላቲትዩድ አምጡ» ከማለት ይልቅ ላቲትዩድን ላቲትዩድ ያደረገውን መጻፍ ነው። ፕሮሰሰሩ ከ12ኛ ትውልድ ያላነሰ ወይም ተመጣጣኝ፤ ራም 16 ጊጋባይት ሆኖ ሊጨመር የሚችል፤ ኤስኤስዲ 512፤ ስክሪኑ 1920 በ1080 የማያንጸባርቅ፤ ባትሪው ከ50 ዋት ሰዓት የማያንስና በብሎን የሚፈታ፤ በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ፤ ቲፒኤም 2.0፤ የዊንዶውስ 11 ፕሮ ፈቃድ ከፋብሪካው ያለው፤ ከአምራቹ የመሥሪያ ቤት ምድብ፤ የመፍቻ መመሪያው በይፋ የሚገኝ፤ የሦስት ዓመት ዋስትና። የዊንዶውሱ ፈቃድ ካልተጻፈ ላፕቶፖቹ በዊንዶውስ ፈንታ «ፍሪዶስ» ይዘው ይመጡና አንድ ሰው ሁሉም ላይ ክራክ ዊንዶውስ ይጭናል። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ንሯል። የሦስት ዓመት ዕቃ ሊባል የነበረው ላፕቶፕ አሁን ስድስት ዓመት ማገልገል አለበት። ለዚህ ነው ራም መጨመር መቻሉና ባትሪው መፈታቱ ከፕሮሰሰሩ ስም በላይ የሚያሳስበኝ።

ዕቃው ሲመጣ የቴክኒክ ኮሚቴው አንድ ካርቶን ከፍቶ ለአርባው አይፈርም። ሁሉም ይከፈቱ፤ መለያ ቁጥራቸው ይመዝገብ፤ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ከዚያ በኋላ ይቆረጥ።

የመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ

ንብረት ክፍል በሞዴል 22 አስፈርሞ ላፕቶፑን አስረከበዎ እንበል። ፊልም ከመገልበጥዎ በፊት ግማሽ ቀን ይስጡት።

ምስጠራውን ያብሩ። ዊንዶውስ ፕሮ ውስጥ ያለው ቢትሎከር ዲስኩን ስለሚቆልፍ ላፕቶፑ መናኸሪያ ላይ ቢሰረቅ ሌባው ፈተናዎን አያነብም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ተቋማት የሰው መረጃ እንዲጠብቁ ያስገድዳል፤ የተማሪ ስምና ውጤት ደግሞ የግል ዳታ ነው። ቢትሎከር ሲበራ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይሰጣል። ይህን ቁጥር አትመው አንዱን ቤት፣ አንዱን አይሲቲ ክፍል ያኑሩት። ላፕቶፑ ውስጥ በዎርድ ጽፈው ያስቀመጡ ሰው አውቃለሁ፤ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ አድርጎ ሳጥኑን እንደመቆለፍ ነው።

ሁለት አካውንት ይኑር፤ አንዱ ለማስተዳደሪያ፣ ሌላው የይለፍ ቃል ያለው የዕለት መጠቀሚያ። ልጆች ጌም የሚጫወቱበት ከሆነ ሦስተኛ ይጨመር።

ቀኑን ያስተካክሉ። ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ግን «ኢንተርኔት እምቢ አለኝ» ከሚሉኝ ብዙዎቹ ችግራቸው ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ብለው ዓመት የሞሉ፣ ወይም የውስጥ ትንሿ ባትሪ ሞታ የላፕቶፑ ቀን ከዓመታት በፊት ላይ የቆመባቸው አሉ። ብራውዘሩ የድረ ገጾችን ሰርተፍኬት በቀን ስለሚያረጋግጥ ቀኑ ሲዛባ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይዘጋል። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰም ላፕቶፑ ላይ ባለ መተግበሪያ የሚያወጣው የማረጋገጫ ኮድ አልሠራም ይላል። የሰዓት ቀጠናው ናይሮቢ በሚለው ላይ ይሁን፤ ዓመቱም የፈረንጁ ይሁን፤ ጳጉሜን በግድግዳው ካላንደር ላይ እናክብራት።

አማርኛ መጻፊያው ዩኒኮድ ይሁን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ጥርቅም ይሆናል፤ የየቢሮው መዝገብ ቤት ዛሬም በእንዲህ ዓይነት ፋይል የተሞላ ነው። ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ነው፤ ዊንዶውስ ራሱም የአማርኛ ኪቦርድ አለው። እሱ ካልተመቸ ኪማን በነፃ ይገኛል። ፓወር ግዕዝ የለመደ ሰውም ዩኒኮዱን መርጦ መጻፍ ይችላል።

ኢንተርኔት የለም ብለው ያዘጋጁት። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ያየነውን አንረሳም። የማይክሮሶፍት 365 የኪራይ ፈቃድ በወር አንዴ እንኳን ኢንተርኔት ካላገኘ ማስተካከል ይከለክልና ማንበብ ብቻ ይፈቅዳል። አንዴ ተገዝቶ የሚኖር ፈቃድ፣ ወይም ነፃው ሊብሬኦፊስ ይህ ጣጣ የለበትም። ለስታቲስቲክስ አር፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለማጣቀሻ ዞተሮ ነፃም ናቸው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ። በስልክ ሆትስፖት ለሚጠቀም ደግሞ ግንኙነቱን «ሜተርድ» ብሎ መሰየም የግድ ነው፤ አለዚያ ዊንዶውስ ማሻሻያውን ሲያወርድ የወሩ ፓኬጅ በአንድ ማታ ያልቃል። ማሻሻያው ራሱ ግን አይዘጋ፤ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ሲያገኙ ይውረድ።

ፍላሽ ሲሰኩ ፎልደሮችዎ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ካገኙ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። አይክፈቷቸው፣ ፍላሹንም ፎርማት አያድርጉ፤ የዊንዶውስ የራሱ ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ ያካሂድ፤ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ነው። ይህ ቫይረስ በብዛት የሚዛመተው ፎቶኮፒ ቤት ነው። ለኅትመት የሚወስዱት ፍላሽ ሌላ፣ ሥራዎ ያለበት ሌላ ይሁን።

የመጨረሻው መጠባበቂያ ቅጂ ነው። አንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ ይግዙና በሳምንት አንዴ ይገልብጡ። ከዚያ ዲስኩን ቤት ይተዉት። ባለፈው ዓመት አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ላፕቶፗ ከነቦርሳው ጠፍቶባት እያለቀሰች መጣች። «መጠባበቂያ የለሽም እንዴ፣ እታለም?» አልኳት። «አለኝ፤ እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር» አለችኝ።

ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ግንቦት ላይ «ገንዘቡ ሊመለስ ነው» ተብሎ በሁለት ቀን የሚጻፈው መስፈርት ነው አርባውን የፕላስቲክ ላፕቶፕ የሚያመጣብን። መስፈርቱን በጥቅምት ጻፉት፤ ስትጽፉም ከአይሲቲ ክፍል አንድ ሰው ጥሩ። ካስፈለገ እኔ ከመራዊ እመጣለሁ።